ሞተሩ ለምን ጠፋ? መኪናም ሰውም ሳይጣራ አይፈረድበትም



ውድ አንባቢያን፣ አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ። ደህና ሲሄድ የቆየው ሞተር መንገድ ላይ ዝም ይላል። ቁልፉን ቢጠመዝዙት አይነሳም። ወዲያውኑ አላፊ አግዳሚው ይሰበሰብና ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «ባትሪው ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ፓምፑ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ይሄ ሞተር አልቆለታል፣ ሽጠው» ብሎ ይፈርዳል። የሚገርመው ሁሉም በእርግጠኝነት መናገራቸው ነው። ከመካከላቸው ግን ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ነገር የፈተሸ የለም።

በዚህ ጽሑፍ የቤንዚን ሞተር ለምን እንደሚጠፋና ምክንያቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ እናያለን። መካኒክ እንዲሆኑ አይደለም። ገንዘብዎን በግምት እንዳይበትኑ፣ ሰውንም በግምት እንዳይወነጅሉ ነው። ሁለቱም ጥፋት በአንድ ቤተሰብ ላይ እንዴት እንደደረሰ በማንሳት እንጀምር።

ሐረጎ አቀበት ላይ

ወንድማችን የደሴ ነዋሪ ነው። ከኮምቦልቻ ጨርቅ እያመጣ በመሸጥ ባለቤቱን፣ አራት ልጆቹንና አረጋዊት እናቱን ያስተዳድራል። ዕቃውን የሚያመላልስባት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ ባለ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ መኪና ናት። ኮምፒዩተር የላትም፣ በካርቡራቶርና በፑንቲና የምትሠራ ናት። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስወጣል። ሐረጎ የሚባለውን አቀበት የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ዕቃ ጭና አቀበቱን ስትወጣ ሞተሩ ጠፋ። ሳያስነጥስ፣ ሳይንተፋተፍ፣ ልክ መብራት እንደሚጠፋ ቀጥ አለ። ወንድማችን ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ ብዙ ሞከረ፤ አልሆነም። ያዩት ሁሉ «ባትሪ ነው» አሉት። አዲስ ባትሪ ገዛ። ተገጥሞ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ተነሳች! «አልሐምዱ ሊላህ፣ ባትሪው ኖሯል» ብሎ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን እዚያው አቀበት ላይ ደግማ ጠፋች። አሁን የሰፈሩ ወጣት መካኒክ ተጠራ። «ቤንዚን አይደርሳትም፣ ፓምፑ ደክሟል» አለና ፓምፑን ለወጠ። ተነሳች። ሳምንት ሠርታ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋች። «እንግዲያው ካርቡራቶሩ ነው» ተባለና ያገለገለ ካርቡራቶር ተገዛ። በዚህኛው ጊዜ ግን ጨርሶ አልነሳም አለች።

ገንዘቡ የወጣው ለእናቱ የዓይን ሞራ ሕክምና ጥቂት በጥቂት ከተቀመጠው ነበር። እናት ምንም አላሉም፤ «አብሽር ልጄ፣ አላህ ይተካል» ብቻ ነው ያሉት። የእሱ ልብ ግን በንዴት ተቃጠለ። በጁምዓ ቀን ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ሰው በተሰበሰበበት ስለዚያ ወጣት መካኒክ ተናገረ፦ «ደህናውን ፓምፕ አውልቆ ሸጦ የተበላሸ ገጥሞብኛል!» ቃሉ በሰፈሩ ተዛመተ። የወጣቱ ደንበኞች አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ።

ፍጻሜውን ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ወንድማችንም ወጣቱም ቢያውቁት ኖሮ ይህ ሁሉ የማይደርስበትን ነገር እንማር።

ሞተር ምን ይፈልጋል?

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው በአራት ተከታታይ እንቅስቃሴዎች ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ድብልቁ ይቃጠልና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ጭሱ ይወጣል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ሞተር በዚህ ሥርዓት የሚሄድ ነበር፤ ሥርዓቱ ዛሬም አልተለወጠም።

ስለዚህ ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው ማለት ነው። አንደኛ፣ በልክ የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፤ ልኩም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን ወደ 15 እጅ የሚጠጋ አየር ነው። ሁለተኛ፣ በሰዓቱ የሚደርስ ብልጭታ። ሦስተኛ፣ በቂ መጭመቅ፣ መካኒኮች «ኮምፕሬሽን» የሚሉት። ሦስቱ በጊዜያቸው ከተገናኙ ሞተሩ ሳይወድ በግዱ ይነሳል። ካልተነሳ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል። የመካኒክነት ጥበብ የትኛው እንደጎደለ ማጣራት ነው። መለወጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ እንዴት ጠፋ?

ሐኪም በሽተኛን «ምን ያምሃል? መቼ ጀመረህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ ጥሩ መካኒክም መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት «እንዴት ጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የፍለጋውን መንገድ በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሞተሩ ልክ ቁልፍ እንደዞረበት በቅጽበት ቀጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ብልጭታው ተቋርጧል። የታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስም እንዲሁ በአንዴ ይጠፋል። እየተንተፋተፈ፣ ጉልበት እያጣ፣ እየተንገጫገጨ ቆይቶ ከጠፋ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የነዳጅ ነው። ሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጥቶ፣ እንግዳ ድምፅ ተሰምቶ ወይም ነጭ ጭስ እየጨሰ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ የሞተሩ አካል ነውና ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ጉዳቱን ያብሳል።

ጎርፍ ወይም ወንዝ ሲሻገሩ ከጠፋ ጨርሶ እንዳያዞሩት። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ሲገፋው የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል። አስቀድሞ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ውኃው መውጣት አለበት።

1ኛ፦ ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?

«አይነሳም» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ያደባልቃል። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞቶሪኖው ሞተሩን ጨርሶ ካላዞረ ወይም «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካለ ነገሩ የባትሪ፣ የኬብል ወይም የሞቶሪኖ ነው። ሞቶሪኖው በደንብ እያዞረው ካልነሳ ግን ባትሪውን ይተዉት፤ ፍለጋው ወደ ብልጭታና ወደ ነዳጅ ይሻገራል።

የፊት መብራት አብርተው ቁልፉን ይጠምዝዙ። መብራቱ ጨርሶ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ኬብሉ በዝገት ምክንያት አያስተላልፍም። መብራቱ ቦግ ብሎ ሳይደበዝዝ ሞተሩ ዝም ካለ ወደ ሞቶሪኖው የሚሄደውን መስመር ይጠራጠሩ። ቮልት መለኪያ ካለዎት ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ ደግሞ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው የሚመረመረው።

አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የባትሪውን ሁለት ጫፎች ፈትተው ነጩንና አረንጓዴውን ዝገት ያጽዱ። ኔጌቲቩ ኬብል ከመኪናው አካልና ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትንም ያጥብቁ። «ሞተ» ተብሎ የተጣለ ስንትና ስንት ባትሪ ሕመሙ ይህ ብቻ ነበር!

2ኛ፦ ብልጭታ አለ?

ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ አንድ ካንዴላ ይፍቱና ይመልከቱት፤ ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው። ብዙ ሲሞከር ቆይቶ ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ ደርሷል፣ ያልመጣው ብልጭታው ነው፣ ወይም ደግሞ ቤንዚን አጥለቅልቆታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። በጥቀርሻ ከጠቆረ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ነው። ዘይት ከቀባው ፋሻው ወይም ቫልቩ አካባቢ ድካም አለ።

ቀጥሎ ካንዴላውን በገመዱ ላይ ሰክተው የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ሌላ ሰው ሞተሩን ያዙር። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ መስመሩ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ችግሩ እዚህ ነው። ይህን ሲያደርጉ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር። ገመዱን በባዶ እጅዎ አይያዙ፤ ብልጭታው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለው። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ባለው መኪና ላይ ገመዱን ከብረት ሳያስነኩ በአየር ላይ ትቶ ማዞርም መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ብልጭታ ከሌለ መስመሩን ተከትለው ይሂዱ። መስመሩ እንዲህ ነው፦ ከባትሪ ወደ ማስነሻ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ኮይል፣ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢዩተር፣ ከዚያ ወደ ካንዴላ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሽቦ የተበየደባት የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል ትበቃለች። የአምፖሏን አንድ ጫፍ ከመኪናው ብረት ጋር ያስሩና ቁልፉን ከፍተው ሌላውን ጫፍ በኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ ያስነኩ። ካልበራች ኤሌክትሪክ ከቁልፉ አልመጣም፤ ፊውዙንና ሽቦውን ይዩ። ከበራች ወደ ኔጌቲቩ ያዛውሯትና ሞተሩን ያስዙሩ። ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናው ሥራውን እየሠራ ነውና ወደ ኮይሉ፣ ወደ ኮንደንሰሩ፣ ወደ ሮተሩና ወደ ክዳኑ ይሂዱ። ሳትጠፋ በርታ ከቀረች ፑንቲናው አይገጥምም ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተቋርጧል። ጨርሶ ካልበራች ኮይሉ ውስጥ ተቋርጧል፣ ወይም ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይም መስመሩ አላግባብ ብረት ነክቷል።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሲከፍቱ በውስጡ ስንጥቅ፣ እርጥበት ወይም የካርቦን መስመር መኖሩን ይመልከቱ። በክረምት ጠዋት «አልነሳም» የሚሉ መኪኖች ብዙዎቹ ክዳኑ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ይነሳሉ። የፑንቲና ክፍተት በብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ሲዞር ሮተሩ አብሮ ይዞራል? ካልዞረ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ወይም ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና ማዞርዎን ያቁሙ። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭቶ ይጣመማል።

3ኛ፦ ነዳጅ ይደርሳል?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ? የአሮጌ መኪና የነዳጅ መለኪያ ይዋሻል። ስንቱ ካርቡራቶር ተፈትቶ ተገጥሞ ኋላ ታንኩ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል!

ቤንዚን ካለ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡና ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ያስዙሩ። በየምቱ ፊጭ ፊጭ እያለ ከወጣ ፓምፑ ደህና ነው። ካልወጣ ፓምፑን ከመወንጀል በፊት የነዳጅ ማጣሪያውን ይዩ። አሮጌ ታንክ ዝገትና ደለል አያጣም። የታንኩን ክዳንም ይክፈቱ። ሲከፈት አየር «ሽው» ብሎ ከገባ መተንፈሻው ተደፍኖ ታንኩ ቤንዚኑን አልለቅም ብሎ ይዞት ነበር ማለት ነው። ወደ ጠርሙሱ የወጣው ቤንዚን ሲረጋ ከሥሩ የተለየ ፈሳሽ ከታየ ውኃ ተቀላቅሎበታል።

እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ፈሳሽም በአነስተኛ ሙቀት ይተናል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ረጅም አቀበት የወጣ መኪና ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተንኖ ሊጠፋ ይችላል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይነሳል። ኮይልም እንዲሁ ሲሞቅ ሞቶ ሲቀዘቅዝ የሚድንበት ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚለየው መኪናው በጠፋበት ቅጽበት ብልጭታ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ የቤንዚን ሽታ ከበረታ ሞተሩ ተጥለቅልቋል። ነዳጅ መስጫውን ሳያንቀሳቅሱ እስከ መጨረሻው ረግጠው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙሩ። እየደጋገሙ መርገጥ ቤንዚን መጨመር ነው።

4ኛ፦ መጭመቅ አለ?

ብልጭታም ነዳጅም ኖሮ አልነሳ ካለ መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሽን ይለካል። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈታሉ፤ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተረግጦ እያንዳንዱ ሲሊንደር በመለኪያ ይታያል። ከቁጥሩ ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ያስተውሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በመካከላቸው መቃጠሉን ይጠቁማል። የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው የኮምፕሬሽን ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የተሰጠ ስለሆነ በእኛ አገር ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ቢታይ «ሞተሩ አልቋል» ብለው ለማደስ አይቸኩሉ።

ወደ ሐረጎዋ መኪና እንመለስ

ወንድማችን መጨረሻ ላይ መኪናዋን አስጎትቶ ኮምቦልቻ ወደሚኖሩ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ወሰዳት። ሐጂው መሣሪያ አላነሱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁት።

«እንዴት ነው የጠፋችው ልጄ?»

«በአንዴ ነው ሐጂ። ቀጥ አለች።»

«ሳትንተፋተፍ?»

«ምንም ሳትል።»

«እንግዲያው ቤንዚኑን ለምን ነካካችሁት?» አሉና ተነሡ።

ሞቶሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ባትሪው ተሻገረ። ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ ቤንዚን ፈሰሰ፤ ፓምፑ ተሻገረ። ካንዴላው ላይ ብልጭታ የለም። አምፖሏ በኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ በራች፤ በኔጌቲቩ ላይ ሞተሩ እየዞረም ሳትጠፋ በርታ ቀረች። ሐጂው የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈቱ። ሮተሩ ይዞራል። ከዚያም ወደ ፑንቲናው የምትሄደውን የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ሳቧት። እንደ ላስቲክ ተለጠጠች! ላይዋ ደህና ነው፣ ውስጧ ግን ተቆርጧል።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ነዳጅ መስጫው ሲረገጥና ሲለቀቅ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል። ሽቦዋም ለዓመታት አብራ ስትታጠፍ ኖራ ውስጧ ተበጥሷል። አንዳንዴ የተቆረጡት ጫፎች ይነካካሉ፣ መኪናዋ ትነሳለች። አቀበት ላይ ሲለያዩ ትጠፋለች። ባትሪው ሲለወጥ የተነሳችው ባትሪው ስለተለወጠ አልነበረም። ፓምፑ ሲለወጥ የተነሳችውም በፓምፑ አልነበረም። በአጋጣሚ የመጣ መነሳት ግምቱን እውነት አስመሰለው። ሐጂው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ቆርጠው ተኩባት። መኪናዋ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ምርመራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሽቦዋም ዋጋ የሚወጣላት አልነበረችም።

ወንድማችን ግን አልተደሰተም። ዝም ብሎ ቆመ። «ሐጂ፣ የአውልቀው ፓምፕ ቤት አለ፤ ይዩልኝ» አለ። በሌላ ቀን አምጥቶ አሳያቸው። ፓምፑ የእሱው ነበር፣ ደህናም ነበር። ወጣቱ ተሳስቶ እንጂ አታልሎ አልነበረም። አሮጌውን ፓምፕ በእጁ አስረክቦት ሳለ ንዴቱ አላስታወሰውም።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ ታዘናል። በዚያው ሱራ 12ኛው አንቀጽ ደግሞ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ተነግሮናል። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ እዚያው መስጊድ በር ላይ፣ በተናገረበት ቦታ ቆሞ «በዚህ ልጅ ላይ ሳላጣራ ተናግሬበታለሁ፤ በደሌ ነው» ብሎ በሰው ፊት ዐፍው ጠየቀው። ወጣቱ አለቀሰ። የእናት ሕክምና ወራት ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ያገለገለው ካርቡራቶር ተሸጦ ከገንዘቡ ጥቂቱ ተመለሰ። ወጣቱ መካኒክም በትርፍ ጊዜው ኮምቦልቻ እየወረደ ሐጂው ዘንድ ይማር ጀመር።

አዳዲሶቹ መኪኖችስ?

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ካርቡራቶርና ፑንቲና የላቸውም። ቤንዚኑን በመርጨት የሚሰጥ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መሣሪያ አላቸው። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን እነዚያው ናቸው። ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ በኩል የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙንና ሪሌውን ይዩ። የሞተሩን መዞር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሴንሰር ሲሞቅ ሥራ የሚያቆምበትና ሲቀዘቅዝ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የኮምፒዩተር መመርመሪያው የሚያወጣው ኮድም ፍርድ ሳይሆን ምስክር ነው፤ እሱም ይጣራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ስለዚህ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች በእንክብካቤ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ከጋራዥ ጋር

ለመካኒኩ «ፓምፑን ለውጥልኝ» አይበሉት፤ እንዴት እንደጠፋ ይንገሩትና ምክንያቱን እንዲፈልግ ይጠይቁት። «በምን አወቅህ?» ብሎ በትህትና መጠየቅም ነውር አይደለም። ለምርመራው ድካም ይክፈሉት። ዕቃ በለወጠ ብቻ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ዕቃ መለወጥን ይለምዳል። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይረከቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለት ሦስቱ ከተለወጡ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

ለእናንተም በሙያው ላይ ላላችሁ ወጣቶች፦ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ነጋዴውን ገሥጸውታል። እርጥቡን ከላይ አድርጎ ሰው እንዲያየው እንዳላደረገም ጠይቀውታል። ኮፈን ሥር ያለውን ደንበኛው አያየውም፤ የምታዩት እናንተ ናችሁ። «አላወቅኩትም» ማለት ከሙያ አያወርድም። በግምት የሰው ገንዘብ ማስወጣት ግን አማናን ማጓደል ነው።

ጥንቃቄ

መኪናው ሲጠፋ ከመንገድ ያውጡት። የአደጋ መብራት ያብሩ፤ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ ራቅ አድርገው ያቁሙ። ሕፃናትን በትራፊኩ ተቃራኒ በኩል አውርደው ከመንገዱ ያርቁ። ጎማ ሥር ድንጋይ ያስደግፉ። ቤንዚን በአፍ አይሳብ፤ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ሞተሩ እየዞረ ካርቡራቶር ላይ ቤንዚን አይፍሰስ፤ በዚህ የተቃጠሉ አሉ። ባትሪ አጠገብ እሳት አይለኮስ፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት። ሞቶሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ አያስጩኹት፤ በየመካከሉ ይረፍ።

ይህን ያውቁ ኖሯል?

የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ዙረት የሚለውጠው የሞተር ክፍል «ኮሎ» ይባላል። በዲያርበክር የአርቱቅ ገዢዎች ቤት ያገለገለው ሙስሊሙ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው የመሣሪያዎች መጽሐፉ፣ ዙረትን ወደ ፒስተን ምልልስ የሚለውጥ ባለ ሁለት ሲሊንደር የውኃ መሳቢያ ከነሥዕሉ ገልጿል።

በመጨረሻም

ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያስርና እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። የጉዞ ዱዓችንን አድርገን ስንወጣ ዘይቱን፣ ውኃውንና የባትሪውን ጫፍ አይተን እንውጣ። ከጠፋብን ደግሞ ሰብር አድርገን ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ አንድ በአንድ እንፈልግ። ኮፈኑ ሳይከፈት በመኪናው አንፍረድ፤ ሳናጣራም በወንድማችን አንፍረድ።

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን!